የማሻ ኪኒንና የፌስቡክ ፈውስ

በ2013 ዓ.ም. አይቨርሜክቲን «የኮቪድ ፈውስ» እየተባለ በዓለም ማኅበራዊ ሚዲያ ሲናፈስ፣ በሸካ ለምትገኘው ለማሻ ሰው መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም። በከፋና ሸካ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኦንኮሰርኪያሲስ ለተባለ የትል በሽታ በዘመቻ ሲታደል ኖሯል። በሽታውን የምታዛምተው ፈጣን ወንዝ ውስጥ የምትራባ ጥቁር ዝንብ ናት፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ሲብስ ዓይን ያጠፋል። መጠኑ በቁመት ተለክቶ ይሰጣል። ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ግን አይወስዱትም።

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. አይቨርሜክቲን ከምርምር ውጭ ለኮቪድ እንዳይሰጥ መከረ። ሆኖም ምክር ከጄኔቭ መጥቶ የቤተሰብ ቴሌግራም ውስጥ አይገባም፤ የሚያስገባው ሰው ነው። ያ ሰው ምን አነሣሥቶት ይናገራል?

መልሱ እዚያው ኪኒኑ ላይ አለ። አንዳንዱ ኪኒኑን በዋጠ ማግስት ያሳክከዋል፣ ያብጣል። የትሎቹ እጮች ቆዳው ውስጥ ሲሞቱ የሚመጣ ነው፤ የዋጠው ሰው ግን «መድኃኒቱ አሳመመኝ» ቢል አይፈረድበትም። ወሬው ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልሆነ ለመመለስ ይከብዳል። የሚመልሰው ምክንያቱን የሚያውቅና ለታማሚው የሚሳሳ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ኪኒኑን ያደለው የመንደሩ ሰው ራሱ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ወይ ዝምታ ይነግሣል፣ ወይ ወሬው ይዛመታል። በ2011 ዓ.ም. የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ተከትሎት ነበር። ለልጇ የምትሳሳ እናት ዕውቀቱ ከሌላት፣ ያው መሳሳት ወሬውን እንድታዳርስ ያደርጋታል።

ሌላው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። አጎት በቤተሰብ ግሩፕ የለጠፈውን የእህቱ ልጅ በአደባባይ «ተሳስተዋል» አይለውም። ደውሎ በግል ይነግረዋል፤ ጨዋነት ነው። ግን ልጥፉን አንብበው ዝም ያሉት ሌሎቹስ?

ሌቲሺያ ቦድና ኤሚሊ ቭራጋ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ስለ ዚካ የተሰራጨ ሐሰት ሲታረም ዳር ቆሞ ያየው አንባቢም እንደሚታረም አሳይተዋል። ስለዚህ የግል ስልኩ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው እላለሁ።

አጎትዎን በስልክ ያነጋግሩ፣ ክብራቸውን ይጠብቁ። ከዚያ ስማቸውን ሳያነሡ ትክክለኛውን መረጃ ከነምንጩ እዚያው ግሩፕ ላይ ይለጥፉ። ጉዳዩን እርግጠኛ ካልሆኑ ከመለጠፍዎ በፊት የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቁ።