አምና የሰበሰብናቸው መጻሕፍት ለምን ተመለሱብን?

አምና ማኅበራችን በአቅራቢያችን ላለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልጆች መጻሕፍት ሰብስቦ ነበር። በትምህርት ቤቱ የሐበሻ ልጆች ብዙ ናቸው። አራት ካርቶን ሞልተን፣ ፎቶ ተነሥተን አስረከብን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደውለው ጠሩን። ሦስቱን ካርቶን መልሰን እንድንወስድ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናድጄ ነበር። «ይህን ሁሉ ለፍተን!» አልኩ በልቤ። ኃላፊዋ ግን ቁጭ አድርገውን መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነሡ ምክንያቱን አስረዱን። የዘንድሮው ማሰባሰብ ሊጀመር ስለሆነ፣ ያን ቀን የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

መስታወትና መስኮት

አሜሪካዊቷ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ምሁር ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጻፉት አጭር ጽሑፍ መጻሕፍትን በመስታወትና በመስኮት መስለዋል። መስታወቱ ለልጁ ራሱን ያሳየዋል፤ መስኮቱ የሌላውን ሰው ሕይወት ያሳየዋል። መስኮት ብቻ የተሰጠው ልጅ ታሪክ የሚጻፈው ስለ ሌሎች ብቻ ይመስለዋል። መስታወት ብቻ የሚያየው ደግሞ ዓለም ሁሉ እሱን የሚመስል ይመስለዋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ችግሩ የቆየ ነው። ናንሲ ላሪክ የተባሉ የንባብ ባለሙያ በሦስት ዓመት ውስጥ የታተሙ ከ5,000 በላይ የልጆች መጻሕፍትን መርምረው በ1965 ውጤቱን ሲያወጡ፣ ጥቁር አሜሪካዊ የሚገኝባቸው 6.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ያለው የልጆች መጻሕፍት ማዕከል ሲቆጥር፣ በአሜሪካ ከታተሙት ወደ 2,500 የሚጠጉ መጻሕፍት መካከል በጥቁር ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የተሠሩት 18 ብቻ ሆኑ። ማዕከሉ ዛሬም በየዓመቱ ይቆጥራል፤ ቁጥሩም ብዙ ጨምሯል። ግን መጽሐፉ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤታችን ስለ ኢትዮጵያ ያየሁት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። ሽፋኑ ላይ ዝንብ የወረረው፣ የከሳ ሕፃን አለ። የክፍል ጓደኛዬ አይቶት «እናንተ ቤት ምግብ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ፍርፍር ነበር፤ ሳልከፍተው ይዤው ተመለስኩ። እናቴ ለምን እንዳልበላሁ ብትጠይቀኝም አልነገርኳትም። ረሃቡ እውነት ነው፤ ልጆችም በጊዜው ሊያውቁት ይገባል። ግን መደርደሪያው ላይ ያለው መስታወት እሱ ብቻ ሲሆን ልጅ ከመስታወቱ ይሸሻል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እንዲህ ያወቁት አገርም አይናፍቅም።

ከካርቶኑ የወጡት ጥያቄዎች

መቼ ታተመ? ከሰጠናቸው አንዱ አትላስ የኢትዮጵያን ካርታ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ ይዞ ነበር። ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ከ1993 ጀምሮ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት የኤርትራ ልጆችም አሉ። ያ ካርታ ለእነሱ «አገራችሁ የለችም» እንደሚላቸው እኛ አላሰብንም።

ልጁ በታሪኩ ውስጥ ምን ያደርጋል? በብዙዎቹ የተመለሱ መጻሕፍት አፍሪካዊው ልጅ ይቸገራል፣ ከውጭ የመጣ ሰው ይረዳዋል፣ ልጁ ያመሰግናል፣ አለቀ። ኃላፊዋ «ልጁ ራሱ የሚወስነው የቱ ገጽ ላይ ነው?» አሉን። ብናገላብጥ አጣን።

ሁልጊዜ በዓል ነው ወይ? ደህና ናቸው ያልናቸው ደግሞ ሁሉም ቡና ማፍላት፣ ሐበሻ ቀሚስና ጥምቀት ነበሩ። ጥርሱ የተነቃነቀበት ወይም ከእኅቱ ጋር የተጣላ ልጅ የለም። ኤዝራ ጃክ ኪትስ በ1962 ያወጡት «ዘ ስኖዊ ዴይ» የሚወደደው በዚህ ነው፤ ፒተር የሚባል ጥቁር ልጅ በረዶ ላይ ሲጫወት ይውላል፣ ከዚያ ውጭ ትልቅ ጉዳይ የለውም። በማግስቱ ዓመት የካልዴኮት ሜዳልያን አግኝቷል። የእኛም ልጅ እንዲሁ መጫወት ብቻ የሚችልበት መጽሐፍ ያስፈልገዋል።

የማን ኢትዮጵያ ናት? ይኼኛው ጥያቄ ነው የከበደን። ካርቶናችን ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ አማርኛ ብቻ የምትናገር፣ ገናና ፋሲካ ብቻ የምታከብር ነበረች። ኃላፊዋ በትምህርት ቤቱ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ የሚነገርባቸው ልጆች እንዳሉ፣ ለዒድ የሚቀሩም ብዙ መሆናቸውን ነገሩን። ማኅበራችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንዱ «መጀመሪያ አማርኛው ይገኝ» አለ። ሌላዋ አባላችን፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናት፣ «እኔ እዚህ አገር ስለ ተረሳሁ ብላችሁ ነው የምታዋጡት፤ እዚያው ካርቶን ውስጥ ደግሞ ረሳችሁኝ» አለች። መልስ አልነበረንም። ሌሎች ረሱን ብለን የምናማርር ሰዎች እኛም መርሳት እንችላለን።

አማርኛውን ያነበበው አለ? በሁለት ቋንቋ ከተዘጋጁት አንዱ በማሽን የተተረጎመ ይመስላል። ሥዕሉ ላይ ሴት ልጅ እየሮጠች፣ ጽሑፉ «ሮጠ» ይላል። እኛ ሽፋኑ ላይ ፊደል ስላየን ብቻ ገዝተነው ነበር። አሁን ደንባችን አንድ ነው፤ ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ ሳያነበው አንገዛም።

የት እናገኛለን?

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሳንፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሳሉ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ፈልገው አጡ። በማሞ ቂሎ ተረት ላይ ተመሥርተው «ሲሊ ማሞ» የተባለውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መጽሐፍ አወጡ። በኋላም አገር ቤት ተመልሰው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ።

ከእሳቸው ጋር የሠሩት ጄን ከርትዝ አሜሪካዊት ቢሆኑም ልጅነታቸውን ያሳለፉት ኢትዮጵያ ነው። በ1994 ያወጡት «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» ብርድ ላይ አድሮ፣ ከሩቅ እሳት በማየት የጸናውን ልጅ ተረት ይተርካል። ጌታው የተወራረደውን ሲከለክለው ማንም ከውጭ መጥቶ አያድነውም፤ እኅቱና ሎሌዎቹ በብልሃት ያስረቱታል። «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የተባሉት አጫጭር መጻሕፍት ደግሞ ለጀማሪ አንባቢ የተዘጋጁ ናቸው፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ከእንግሊዝኛ ጋር ይገኛሉ።

የነርስነት ትምህርቴ በዚህ ውስጥ ቦታ አለው አልልም ነበር። ዘንድሮ የሕፃናት ክሊኒክ ስለማመድ ግን «ሪች አውት ኤንድ ሪድ» የተባለውን ፕሮግራም አየሁ። በ1989 ቦስተን የተጀመረ ሲሆን፣ ልጆች ለጤና ምርመራ ሲመጡ መጽሐፍ ይሰጣቸዋል። ልጁ መጽሐፉን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሥዕሉን በጣቱ ያሳይ እንደሆነ ማየት ስለ እድገቱ ብዙ ይናገራል። አንዲት እናት የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አየሁ። በቋንቋዋ ቢሆን እዚያው የምትከፍተው ይመስለኛል።

ዘንድሮ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ እንጠይቅ። ምን እንዳላቸው፣ ምን እንደጎደላቸው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከአሮጌ መጽሐፍ ይልቅ ገንዘብ እናዋጣ፤ በልጆች እጅ የሚበረክተው ጠንካራ ሽፋን ያለው ነው።

በየሰፈራችሁ ባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ «ይህን መጽሐፍ ግዙልን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ አብዛኞቹ ለዚህ ቅጽ አላቸው፣ የሚያስፈልጋችሁም የአባልነት ካርድ ነው። ከተገዛ በኋላ ተዋሱት። ቤተ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ ማንም ያልተዋሰውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ያነሣልና፣ ለምነን ያስገባነው መጽሐፍ ባለማንበባችን ሊወጣ ይችላል።

የዘንድሮው ዝርዝር ገና አልተዘጋም። አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ሌላ ቋንቋ የምታነቡ ለመጽሐፍ ኮሚቴው ጻፉልን፤ ጮክ ብሎ የሚያነብልን ሰው እንፈልጋለን። አራት ካርቶን ላይሞላ ይችላል። አንድ ካርቶን ሆኖ ምንም ሳይመለስብን ቢቀር ይሻለናል።