በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያጋጥም የማውስ ብልሽትና የድራይቨር አጫጫን

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ፣ ከደጀን ወደ ሰሜን ሲታጠፍ በብቸናና በሞጣ በኩል አድርጎ ባሕር ዳር ይደርሳል። ወደ እነዚህ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች የሚሄድ የመርካቶ ዕቃም የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚያገናኘው የወረዳኔት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚያገናኘው ደግሞ የስኩልኔት ፕሮግራም ከተጀመሩ ወዲህ፣ ኮምፒውተር ከዋና ዋና ከተሞች ርቀው በሚገኙ ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ጭምር የሥራ መሣሪያ ለመሆን በቅቷል።

ይሁን እንጂ የጥገና ባለሙያና መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት አካባቢ አነስተኛ ብልሽት ትልቅ ሥራ ያስተጓጉላል። ከእነዚህ አንዱ የማውስ መሥራት ማቆም ነው። ማውሱ ያልታዘዘለት ተጠቃሚ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጎን ሊያስቀምጠው ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ችግሩ ሳይጣራ ሐርድ ዲስኩን አጥፍቶ ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ መጫን ነው። በዚህ አኳኋን የተማሪዎች ውጤት፣ የሠራተኞች ደመወዝ መዝገብ ወይም የዓመታት ደብዳቤዎች ሊጠፉ ይችላሉ። አብዛኛው የማውስ ችግር ግን በቅደም ተከተል ከተፈተሸ ሰነድ ሳይነካና አዲስ ድራይቨር መፈለግ ሳያስፈልግ ይስተካከላል።

አሮጌ ስርዓተ ክወና ያላቸው ኮምፒውተሮች እንዲቆዩ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ የአማርኛ ፊደልን ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ በ2007 ለገበያ በቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች፣ በየራሳቸው የፊደል አቀማመጥ የተጻፉ በርካታ ሰነዶች ፊደሉ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ካልሆነ በቀር በትክክል አይነበቡም። በመሆኑም ዊንዶውስ 98 ወይም ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር የመዝገብ ቤት ያህል ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ድራይቨር ማለት ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ የሚልከውን ምልክት ለስርዓተ ክወናው በሚገባው መንገድ የሚያስተላልፍ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። የሞጣ አካባቢ ነዋሪ ይህን በሚያውቀው ነገር ሊረዳው ይችላል። ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ መካከሉ ፈርሶ በቆየባቸው ዓመታት ሁለቱ ዳርቻዎች በቦታቸው ነበሩ፤ መንገደኛው ግን በገመድ እየተሳበ ካልሆነ በቀር መሻገር አይችልም ነበር። ድራይቨር ሲጠፋ ወይም ሲበላሽም እንዲሁ ነው። ማውሱም ኮምፒውተሩም ደህና ሆነው ሳለ መካከላቸው ያለው መሸጋገሪያ ይቋረጣል።

ለማስተካከል በቅድሚያ የማውሱን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሦስት ዓይነት ማገናኛዎች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ሲሪያል ሲሆን፣ ከሦስቱ በዕድሜ የሚበልጠው ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ በ1987 የመጣው ክብ ቅርጽና ስድስት እሾህ ያለው ፒኤስ ቱ ነው። በዚህ ዓይነት ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው ለማውስ፣ ሐምራዊው ለኪቦርድ ያገለግላል። ሦስተኛው ጠፍጣፋው ዩኤስቢ ነው። ዩኤስቢ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሊነቀልና ሊሰካ ይችላል። ሲሪያልና ፒኤስ ቱ ግን ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላ መሰካት ይኖርባቸዋል፤ አለበለዚያ ማውሱ ላይታወቅ፣ አልፎ አልፎም የኤሌክትሪክ ጉዳት ሊደርስ ይችላል።

የድራይቨር አጫጫኑ እንደ ስርዓተ ክወናው ይለያያል። በዶስ ላይ ድራይቨሩ በተጠቃሚው መጫን አለበት፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ራሱ እንዲጭነውም ትእዛዙ በማስነሻ ፋይሎቹ ውስጥ ይጻፋል። ዊንዶውስ 95 እና ከዚያ ወዲህ የመጡት ለሲሪያልና ለፒኤስ ቱ ማውስ የሚሆን መደበኛ ድራይቨር በውስጣቸው ይዘዋል። የመጀመሪያው ዊንዶውስ 95 እና ዊንዶውስ ኤንቲ 4 ግን ዩኤስቢን ስለማይደግፉ፣ ለእነዚህ የሚመረጠው ፒኤስ ቱ ወይም ሲሪያል ማውስ ነው።

ዊንዶውስ 98 ዩኤስቢን ይደግፋል፤ ሆኖም አዲስ ማውስ ሲሰካ የመጫኛ ሲዲውን ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ በሲዲው ላይ ያለውን ዊን98 የሚባል ማኅደር ማሳየት በቂ ነው። ሲዲው ከጠፋ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ዊንዶውሱ ከአምራቹ ተጭኖ በመጣባቸው በርካታ ኮምፒውተሮች ላይ የመጫኛ ፋይሎቹ ቅጂ በሐርድ ዲስኩ ውስጥ፣ በዊንዶውስ ማኅደር ሥር ኦፕሽንስ፣ ከዚያም ካብስ በተባለው ማኅደር ይገኛል። ዊንዶውስ 2000 እና ኤክስፒ ደግሞ መደበኛ የዩኤስቢ ማውስን ሲሰካ በራሳቸው ለይተው ሥራ ያስጀምሩታል። ከማውስ ጋር በሲዲ የሚመጣው ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ባብዛኛው ለልዩ ቁልፎች ብቻ ነው።

ማውሱ ከተሰካ በኋላ ካልሠራ ፍተሻው ከቀላሉ መጀመር አለበት። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ እንዳልላላ፣ የማገናኛው እሾህ እንዳልታጠፈ፣ የማውሱና የኪቦርዱ መሰኪያም እንዳልተቀያየረ ይታያል። ቀጥሎ ማውሱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሞከራል። እዚያም ካልሠራ ጉድለቱ የማውሱ ስለሆነ ድራይቨር መነካካት ዋጋ የለውም። ጠቋሚው የሚንቀጠቀጥ ወይም ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ከሆነና ማውሱ ባለ ኳስ ከሆነ ደግሞ፣ የሥረኛው ክዳን ተከፍቶ ኳሱ ይወጣል፤ በውስጡ ባሉት ተሽከርካሪ ዘንጎች ላይ የተጠመጠመው አቧራና እድፍ አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። በብርሃን የሚሠራው ማውስ በመስታወት ወይም በሚያንጸባርቅ ጠረጴዛ ላይ ሊሳሳት ስለሚችል ከሥሩ ወረቀት ማንጠፍ ይጠቅማል።

ማውሱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ከሆነ ችግሩ በመሰኪያው ወይም በሶፍትዌሩ በኩል ነው። ይህን ለማጣራት ኪቦርድ ብቻውን ይበቃል። ኮንትሮልና ኢስኬፕ አብረው ሲጫኑ የስታርት ዝርዝር ይከፈታል፤ በቀስት ቁልፎች መምረጥ፣ በታብ መሸጋገር፣ በኢንተር መፈጸም ይቻላል። በግራ በኩል ያሉት አልትና ሺፍት ከነም ሎክ ጋር በአንድነት ሲጫኑ ደግሞ፣ የተደራሽነት አማራጮች በተጫኑበት ኮምፒውተር ላይ ጠቋሚውን በቁጥር ቁልፎች ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ 5 ቁጥር እንደ ጠቅታ ያገለግላል።

ቀጣዩ የኮምፒውተሩን መሣሪያዎች ዝርዝር ማየት ነው። የዊንዶውስ ቁልፍ ከፖውዝ ቁልፍ ጋር ሲጫን የሲስተም መስኮት ይከፈታል፤ በውስጡም ዲቫይስ ማናጀር ይገኛል። በማውሱ ስም ላይ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ከታየ ድራይቨሩ ችግር አለበት ማለት ነው። ቀይ ምልክት ከታየ ማውሱ እንዳይሠራ ተደርጓል። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ማውሱን ከዝርዝሩ ሰርዞ ኮምፒውተሩን ዳግም ማስነሳት ሲሆን፣ ስርዓተ ክወናው ማውሱን እንደ አዲስ ለይቶ ድራይቨሩን ይጭናል። በዊንዶውስ 95 እና 98 ላይ ቀደም ሲል የተነቀሉ ማውሶች ስም በዝርዝሩ ተደራርቦ ሊቀር ይችላል። እነዚህ የሚታዩት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 8 ተጭኖ ሴፍ ሞድ በሚባለው መንገድ ሲገባ ነው፤ ሁሉም ተሰርዘው ዳግም ሲነሳ መደናገሩ ይወገዳል።

በስልክ መስመር ኢንተርኔት ይጠቀሙ በነበሩ ኮምፒውተሮች ላይ ሌላም ችግር ያጋጥማል። ሲሪያል ማውስ ኮም 1 ላይ፣ ሞደም ደግሞ ኮም 3 ላይ ሲሆኑ ሁለቱም በተለምዶ አንድ የጥሪ መስመር ማለትም 4 ቁጥርን ይጋራሉ። በዚህም የተነሳ ሞደሙ ሲደውል ማውሱ ሊቆም ይችላል። ሞደሙን ወደ ኮም 4 ማዛወር ይህን ግጭት ሊያስወግድ ይችላል። በኤክስፒ ላይ ደግሞ አዲስ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ ችግር ከተፈጠረ፣ በማውሱ መስኮት ውስጥ ወደ ቀድሞው ድራይቨር የሚመልሰውን ቁልፍ መጠቀም ይቻላል።

ድራይቨር ከኢንተርኔት ማውረድ የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 98 የሚሰጠውን ድጋፍ ሐምሌ 4 ቀን 1998 ዓ.ም፣ ለዊንዶውስ ኤክስፒ ደግሞ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም አቁሟል። በመሆኑም እነዚህን ኮምፒውተሮች በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ለቫይረስ ያጋልጣል። ድራይቨር የግድ ካስፈለገ የጸጥታ ማሻሻያው በተሟላ ሌላ ኮምፒውተር ከአምራቹ ገጽ አውርዶ፣ በጸረ ቫይረስ ፈትሾ ማዛወር ይመረጣል። ዊንዶውስ 98 ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ፍላሽ ዲስክን ስለማይለይ፣ ለዚህ የሚያገለግለው ሲዲ ወይም ፍሎፒ ነው።

ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ መጫን የሚታሰበው ይህ ሁሉ ካልረዳ በኋላ፣ ያውም ሰነዶቹና የተጻፉበት ፊደል በሌላ ቦታ ከተቀመጡ ብቻ ነው። ማውስ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቢበላሽም ይተካል። አንድ ጊዜ የጠፋን የትምህርት ቤት ወይም የጽሕፈት ቤት መዝገብ መልሶ ማግኘት ግን ላይቻል ይችላል።