ለሚጥል በሽታ የርቀት ሕክምና፦ በጣርማ በር ለሚኖሩ ወላጆች ምን ይጠቅማል?

ከደብረ ሲና ከተማ በላይ ያለው የጣርማ በር ተራራ ጉም ሲለብስ መኪኖች በቀን መብራት አብርተው ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ከዚህ ተራራ ግርጌ የሚኖር አርሶ አደር ልጁን ይዞ የሕጻናት የነርቭ ስፔሻሊስት ፍለጋ ሲነሣ ጉዞው ደብረ ብርሃን ላይ ላያበቃ ይችላል። የዘርፉ ሐኪሞች በአገሪቱ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። በመሆኑም 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ማደሪያ ተከራይቶና የእርሻ ሥራውን አቋርጦ ተራ መጠበቅ ግድ ይለዋል። ቴሌሜዲሲን ወይም የርቀት ሕክምና ይህን ጉዞ ሊያሳጥር የሚችል አሠራር ነው።

የሕጻናት የነርቭ ሐኪሞች በብዛት ከሚያክሟቸው ሕመሞች አንዱ የሚጥል በሽታ ነው። ሕመሙ የሚከሰተው በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልውውጥ ለአጭር ጊዜ ሲዛባ ነው። እርግማን አይደለም፤ በትንፋሽም ሆነ በምራቅ አይተላለፍም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕመሙ አለባቸው። በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

ይሁንና ሕክምናው ብዙዎችን አይደርስም። ከሠላሳ ዓመታት በፊት በቡታጅራ አካባቢ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት የተካሄደ ጥናት ከ1 ሺህ ሰዎች መካከል 5 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ መካከል ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ሕክምና ያላገኘ ልጅ ምድጃ አጠገብ ሲወድቅ ይቃጠላል፤ ወንዝ ዳር ሲጥለው ሊሰጥም ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ሰው እንዳያየው ተብሎ ከትምህርት ቤት ይቀራል።

የነርቭ ሕክምና ትምህርትም በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ1998 ዓ.ም ነው። የርቀት ሕክምናውም ከዚያ ብዙ አልራቀም። በ1999 ዓ.ም በሕንድ መንግሥት ድጋፍ በተጀመረው የፓን አፍሪካ ኤሌክትሮኒክ ኔትወርክ የሙከራ ሥራ፣ የጥቁር አንበሳና የነቀምቴ ሆስፒታሎች በሕንድ ሃይደራባድ ከተማ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝተው ነበር። ያኔ ለዚህ የተለየ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ሥራ ካሜራ ያለው የእጅ ስልክ ሊሠራው ይችላል።

የሚጥል በሽታ ለርቀት ሕክምና የሚመች የሆነበት ምክንያት አለ። ልጁ ሐኪም ፊት በሚቀርብበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ ሲጥለው ያየው ወላጁ ወይም መምህሩ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ውሳኔውን የሚመሠርተው በዋናነት በአይን ምስክሩ ቃል ላይ ነው። ከቃል ይልቅ ደግሞ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ብዙ ይናገራል። ለአብነት፣ በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት በጨቅላዎች ላይ የሚታይ፣ እጅና እግርን በድንገት ሰብሰብ ወይም ዘርጋ የሚያደርግና በተከታታይ የሚመላለስ የሚጥል ዓይነት አለ። ወላጆች የሆድ ቁርጠት ሊመስላቸው ይችላል። ሕክምናው ሲዘገይ ግን የልጁ የአእምሮ እድገት ይጎዳል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ስፔሻሊስቱን በጊዜ ሊያነቃው ይችላል።

በርቀት ሕክምና ሕጻኑን በእጁ የሚመረምረው በአቅራቢያው ያለው የጤና ባለሙያ ነው። ክብደቱን ይለካል፣ ትኩሳት መኖሩን ያያል፣ ስለ አወላለዱና ስለ እድገቱ ወላጆቹን ይጠይቃል። ከዚያም መረጃውን ከቪዲዮው ጋር ለስፔሻሊስቱ ያቀርባል፤ ወይም ሦስቱ ወገኖች በቪዲዮ ስልክ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። መድኃኒቱን የሚያዝዘውና የሚከታተለው በቅርብ ያለው ባለሙያ ስለሆነ ቤተሰቡ ለየቀጠሮው አዲስ አበባ መመላለስ አይጠበቅበትም። ባለሙያውም በእያንዳንዱ ምክክር ዕውቀት ይጨምራል።

አሠራሩ የማይተካቸው ነገሮችም አሉ። የአንጎል የኤሌክትሪክ ምርመራ ወይም የጭንቅላት ምስል የሚያስፈልገው ልጅ መጓዙ አይቀርም። ኔትወርክ ሲቋረጥ ምክክሩም ይቋረጣል። ከሁሉም በላይ የታዘዘው መድኃኒት በአቅራቢያው መድኃኒት ቤት ከሌለ ምክሩ ብቻውን አያድንም። ፌኖባርቢታልን የመሰሉ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ መድኃኒቶች ሳይቋረጡ መቅረባቸው ከስልኩ ያልተናነሰ አስፈላጊ ነው። የልጁ ቪዲዮም የሕክምና ምስጢር በመሆኑ ለሐኪም እንጂ ለማኅበራዊ ሚዲያ መላክ የለበትም።

ወላጆች ከወዲሁ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። ልጅ ሲጥለው በመጀመሪያ ከእሳትና ከገደል ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ የአንገት ልብሱን ማላላትና ሰዓት መያዝ ይገባል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ሌላ ነገር መክተት፣ ክብሪት ማሽተትና በኃይል ይዞ ማስቆም አይጠቅሙም፤ ሊጎዱትም ይችላሉ። ልጁ ከአደጋ መራቁ ከተረጋገጠ በኋላ ሌላ ሰው ሙሉ አካሉን የሚያሳይ ቪዲዮ ቢቀርጽ መልካም ነው። ቀኑን፣ የቆየበትን ጊዜና መንቀጥቀጡ ከየት እንደጀመረ መጻፍም ሐኪሙን ይረዳል።

መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ልጁ ሳይነቃ ከተደጋገመበት ወይም ትኩሳት ካለው ቪዲዮና ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት ያለበት መንቀጥቀጥ የወባ ወይም የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላልና።

መድኃኒት የጀመረ ልጅ ለወራት ሳይጥለው ቢቆይ እንኳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ልጅም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እምነቱን መፈጸም ይችላል። የርቀት ሕክምና ጥቅሙ የሚታየው ወላጁ ያየውን መዝግቦ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሲሄድና እዚያ ያለው ባለሙያ የሚያማክረው ስፔሻሊስት ሲያገኝ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ከትምህርት ገበታው ሳይርቅ፣ አባቱም ከእርሻው ሳይለይ ሕክምናው ይቀጥላል።