ዜማው አለ፤ ተጫዋቹ ማን ነበር?

ዘፈን ሰምቶ «ይህ የማን ዘፈን ነው?» ብሎ የማይጠይቅ ሰው የለም። ነገር ግን ከዘፋኙ ኋላ ቆሞ ጊታሩን የሚመታው፣ ትራምፔቱን የሚነፋው፣ ድራሙን የሚደልቀው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ስንት ሰው ይገኛል? ይህን ጥያቄ ለዛሬው እሑድ ጽሑፋችን መነሻ ያደረግነው በልደታ ሠፈር ካየነው አንድ ትንሽ ነገር የተነሣ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ልደታ በቤተ ክርስቲያኗ ስም የተጠራች፣ ቦሌ ከመከፈቱ በፊትም የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረባት የቆየች ሠፈር ናት። ዛሬ የቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች በብዛት ፈርሰው በቦታቸው ፎቆች ቆመዋል፤ ከ2015 ጀምሮም የከተማው ባቡር በሠፈሩ ያልፋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ፎቆች በአንደኛው ምድር ቤት ሬድዮና ቴፕ በመጠገን የሚተዳደሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ባለፈው ሰሞን ከዚያ ተቀምጠን ሳለ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት አንድ ፌስታል ሙሉ ካሴት ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ እነዚህን ወደ ፍላሽ ይገለብጡልኛል?» አለች።

«እገለብጥልሻለሁ ልጄ። ግን ዘፈኑ ሁሉ በየስልኩ ሞልቶ የለም? ምን አደከመሽ?»

«ሁሉም አይገኝም ጋሼ። ደግሞም ከነዚህ ባንዱ ላይ አባቴ ትራምፔት ነፍቷል ትላለች እናቴ። የትኛው እንደሆነ ግን አታስታውስም።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የካሴቶቹን ሽፋን አንድ በአንድ አነበቡ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ አለ፤ የዘፈኖቹ ዝርዝር አለ፤ የሙዚቃ ቤቱ ስምና ስልክ ቁጥር አለ። ካንዳንዶቹ ላይ የአጃቢው ባንድ ስም ይገኛል። የተጫዋቾቹ ስም ግን ካንዱም አልተገኘም። «አባትሽን መጠየቅ ነው» ሲሏት «ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው» ብላ አቀረቀረች።

ካሴቶቹ ሁሉ የ1980ዎቹ ነበሩ፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1972 እስከ 1982 ባለው ጊዜ ውስጥ የተቀዱ መሆናቸው ነው። ይህ ዘመን በሙዚቃ ታሪካችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጽፉ ሰዎች «ወርቃማው ዘመን» የሚሉት አቶ አምሐ እሸቴ በ1969 የሸክላ ማሳተም ሥራ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ የሸክላው ኅትመት እስከ ቆመበት እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ያለውን ነው። ፈረንሳዊው ሚስተር ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም ለዓለም ያስተዋወቁትም በአብዛኛው የዚህኑ ጊዜ ሥራ ነው። ስለዚህ ብዙ ወጣት ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ የሰዓት እላፊና የዝምታ ዘመን ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም።

ሸክላው በቀረ ጊዜ ካሴት ተተካ። ሸክላ እንደ ህንድና እንደ ሊባኖስ ባሉ አገሮች ታትሞ በዕቃ ጭነት የሚመጣ ነበር። ካሴት ግን እዚሁ ይቀዳል፣ እዚሁ ይባዛል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደሴም ጎንደርም ይደርሳል። ካሴቱ ዘፋኙን በየገጠሩ አሳወቀው። ዋጋው ረከሰ፤ የሚሰማው ሕዝብም ከቀድሞው ይልቅ በዛ። ሙዚቃው ጨርሶ አልሞተም፤ የሚታተምበት ዕቃ ተለወጠ እንጂ።

ማታ ማታ ደግሞ ትልልቆቹ ሆቴሎች ነበሩ። ከ1974 አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ስለ ተደነገገ፣ ለመዝናናት የወጣ ሰው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ወደ ቤቱ መመለስ፣ አለዚያም በሩ ተዘግቶበት ከጭፈራው ቤት እስኪነጋ መቆየት ነበረበት። ብዙዎች መቆየቱን ይመርጡ ነበር። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት አብሮ መጫወት ደግሞ ተጫዋቾቹን በእጅጉ እንዳሠለጠናቸው መገመት አያዳግትም።

የባንዶቹን ስም እስቲ እንመልከት። በሒልተን ሆቴል ዋልያስ ባንድ ነበር፤ አይቤክስ ባንድም ነበር። ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ እንስሳ ይኸውም ከሰሜን ተራራው ዋልያ መሆኑን ስንቶቻችን አስተውለናል? አንደኛው በአማርኛ ስሙ፣ ሁለተኛው በፈረንጅኛ ስሙ መጠራቱ ነው። አይቤክስ በባስ ጊታር ተጫዋቹ በጆቫኒ ሪኮና በጊታር ተጫዋቹ በሰላም ሥዩም መሪነት በ1980ዎቹ መባቻ ሮሃ ባንድ ተባለ። ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም ነው። ዳህላክ ባንድ ስሙን ከቀይ ባሕር ደሴቶች ወሰደ። ኢትዮ ስታር ባንድም ከእነዚሁ ጋር የሚቆጠር ነው። በካሴቱ ዘመን የታወቁትን ድምፃውያን፣ እነ ጥላሁን ገሠሠን፣ እነ ማሕሙድ አሕመድን፣ እነ ንዋይ ደበበን ያጀቡት እነዚህ ናቸው። ሮሃ ብቻውን ከሁለት መቶ የሚበልጡ አልበሞችን እንዳጀበ ይነገራል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች ስም ከሽፋኑ ላይ ለምን ታጣ? ምክንያቱ ክፋት አይደለም። የካሴት ሽፋን ከመዳፍ የማይበልጥ ወረቀት ነው፤ የሚሸጠውም የዘፋኙ መልክ ነው። ተጫዋቹ የቀን ሥራውን ሠርቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ካሴቱ ቢሸጥም ባይሸጥም ከዚያ በኋላ እሱን አይመለከተውም። አይቤክስ ባንድ ያጀበው የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 ተቀድቶ በ1986 በቤልጅግ አገር እንደገና በታተመ ጊዜ አውሮፓውያን ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ መጠየቅ ጀመሩ። የጠየቁት ግን ስለ ድምፃዊው ነበር። የባሱን አካሄድና የሳክስፎኑን ለቅሶ የፈጠሩት ሰዎች ብዙ ዘመን ያለ ስም ቆዩ።

ወደዚያች ወጣት አባት ነገር እንመለስ። እሷ እንደ ነገረችን አባቷ ከጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ኖታ የተማረና ትራምፔት የሚነፋ ሰው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ማታ ማታ በአንድ ሆቴል ይሠራ ነበር። ከዚያ ባንዱ አንድ አዲስ መሣሪያ ገዛ፤ ይኸውም በኤሌክትሪክ ኃይል የትራምፔቱንም፣ የቫዮሊኑንም፣ የዋሽንቱንም ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ ሲንተሳይዘር ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከሦስቱ ነፊዎች ሁለቱ ተሰናበቱ። እሱ ትራምፔቱን ሸጦ የመጋዘን ጸሐፊ ሆነ፤ በዚያው ሥራ ጡረታ ወጣ። ከልጆቹ ፊት ሲነፋ አንድም ቀን አልታየም።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ አይደለም፤ በዓለም ሁሉ የሆነ ነው። የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ዲ ኤክስ ሰቨን የተባለውን 61 ቁልፍ ያለውን ሲንተሳይዘር በ1983 ገበያ ላይ ባወጣ ጊዜ ለንደንም ኒው ዮርክም የነበሩ ነፊዎች ከሥራ ተፈናቅለዋል። በሩቅዋ አውስትራልያ እንኳ፣ በሲድኒ ከተማ፣ ፌርላይት የተባለ ኩባንያ ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ በቁልፍ የሚያጫውት መሣሪያ በ1979 ሠርቶ ነበር። መሣሪያው ሙዚቃን ለጥቂት ሰዎች አቀለለው፤ ለብዙዎች ግን በሩን ዘጋባቸው።

ይሁን እንጂ ይኸው መሣሪያ ለሌላው ኢትዮጵያዊ ሌላ ዕድል ሆኖታል። በ1981 ዋልያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ለጨዋታ ሄደ። ሲመለስ አራቱ ተጫዋቾች እዚያው ቀሩ። ከእነሱ አንዱ የኦርጋን ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ ነበሩ። በዋሽንግተን ሙሉ ባንድ የሚሰበሰብበት ሁኔታ አልነበረም። ስለዚህ አቶ ኃይሉ በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን አነሡ፤ ከዲ ኤክስ ሰቨን ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሐዱና በ1985 ዘፋኝ የሌለበት አንድ ካሴት ቀዱ። «ሸሞንሟናዬ» የሚገኝበት ካሴት ይህ ነው። የጥንቱ የአገራችን ዜማ በአኮርዲዮን ይፈስሳል፤ ከሥሩ ማሽኑ ይመታል። ሰሚው መሣሪያው ባዕድ መሆኑን ይረሳዋል።

ከዚያ በኋላ አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኑ። መንገደኛ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናቸው ውስጥ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ብዙ ዓመት አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን ሚስተር ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ ያንን ካሴት አገኙና ገዙት። ስሙን ከሽፋኑ ላይ አንብበው፣ ባለቤቱን አፈላልገው፣ ስልክ ደወሉ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ። አቶ ኃይሉ ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ላይ ወጡ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ ሥራዎችን አበረከቱ።

በዚያው በዋሽንግተን አድማስ የተባለ የወጣቶች ባንድም ነበር። ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዖታ ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በ1984 አንድ ሸክላ አሳተሙ። የአገራችንን ዜማ ከጋና ሃይላይፍ፣ ከብራዚል ሳምባ፣ ከጃማይካ ሬጌ ጋር በሲንተሳይዘር ያዋሐደ ሥራ ነው። ያን ጊዜ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። በ2020 እንደገና ሲታተም ግን በብዙ አገር ተወደደ። ሔኖክና አበጋዝ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ለአዲሱ ትውልድ ሙያቸውን ያካፈሉ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ እንበል። አቶ ኃይሉ መርጊያ ለምን ተገኙ? ከሌሎቹ ሁሉ ስለ በለጡ ብቻ አይደለም። ስማቸው ከሽፋኑ ላይ ስለ ነበረ ነው። ካሴቱ ባሕር ዳር ተጥሎ ቢከርምም ስሙ መንገድ አሳየ። በዚያ ጊዜ የነበሩ ሌሎች ነፊዎችና መቺዎች ግን ሥራቸው እየተሰማ ሰዎቹን የሚያገኝ የለም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ጊዜውም እያለቀ ነው። የካሴት ክር ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስስ ፕላስቲክ ነው። ድምፁን የሚይዘው በላዩ የተቀባው የብረት ዱቄት ሲሆን፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይረግፋል። ሽማግሌው ጠጋኝ እንዳሉን አንዳንዱ ካሴት የሚጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ይበጠሳል። ሰዎቹም እንደ ካሴቱ ናቸው፤ ዛሬ ያሉት ነገ ላይገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ላላችሁ ወጣቶች አንድ ቀላል ሥራ እናመለክታችኋለን። ፎቅ ስትገቡ፣ ቤት ስትለውጡ፣ የወላጆቻችሁን ካሴት ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ። በሠፈራችሁ ከነበሩት ባንዶች ወይም ከቀበሌ ኪነት ቡድኖች የተረፉ ሽማግሌዎች ካሉ ካሴቱን አሰሟቸውና «ባሱን ማን መታው? ሳክስፎኑን ማን ነፋው?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ስም ከነዓመቱ ጻፉት። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ደግሞ ስም የሌለው ፋይል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እርሳስና አንድ እሑድ ብቻ ነው።

በዚያ ቀን በልደታ የሆነውን ተናግረን እንጨርስ። ሽማግሌው ካሴቶቹን በየተራ አጫወቱ። ወጣቷ እናቷ ዘንድ ደውላ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ያዘች። ሦስት ካሴቶች አለፉ፤ እናትየዋ ዝም አሉ። በአራተኛው፣ ከዘፈኑ መካከል፣ ዘፋኟ ሳትጨርስ ቀድሞ የገባ ትራምፔት ተሰማ።

«ይኸውልሽ! እሱ ነው!» አሉ እናትየዋ በስልኩ ውስጥ። «ሁልጊዜ እየቸኮለ እንዲህ ቀድሞ ይገባባታል። ስንት ቀን ተቆጥተውታል መሰለሽ!»

ሽማግሌው ቴፑን አቆሙና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ለልጅቱ ሰጧት። እሷም ከሽፋኑ ጀርባ፣ ከሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር በታች፣ የአባቷን ስም ከነአያቱ ጻፈች። ከጎኑም «ትራምፔት» ብላ ጨመረችበት።