ምርኮ ወይስ መታሰቢያ?

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. የቡሬን ምሽግ ለቅቆ በደንበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሸሽ፣ የተማረከበት መሣሪያ በጎጃም አርበኞች ቤት ገባ። ዛሬም ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ከአያት የወረደ የጣሊያን ጠመንጃ ወይም የብረት ቆብ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም። እነሆ ጥያቄው፦ የዘረኛ ሥርዓት ዕቃ በቤቱ የሚያኖር ሰው ራሱ ዘረኛ ነውን?

ሥርዓቱ ዘረኛ ለመሆኑ አያጠራጥርም፤ በ1929 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት ያሳስር ነበር። ይሁንና በአርበኛው ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ቆብ የሚመሰክረው የወራሪውን ሽንፈት ነው። በ2004 ዓ.ም. በኢጣሊያ አፊሌ በምትባል መንደር በሕዝብ ገንዘብ ለግራዚያኒ የቆመው ሐውልት ግን የየካቲት 12ን ጨፍጫፊ ያከብራል።

የሚከብደው ለባንዳ የተሰጠው ኒሻን ነው። ከአርበኛው ጠመንጃ ጎን ተሰቅሎ ታሪኩ ካልተነገረ፣ ልጅ ሁለቱን በእኩል ክብር እያየ ያድጋል። ኒሻኑ ይጣል አንልም፤ ማን እንደ ሰጠውና በምን ሥራ እንደ ተገኘ ግን፣ ቢያሳፍርም፣ በዚያው ምሰሶ ሥር ይነገር።