በጋምቤላ ሥዕል ያለው እንጨት አፈላለግና አመራረጥ

ጋምቤላ ከተማ የተቈረቈረችው በንግድ ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። በ1894 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902) በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፤ በክረምት ወራት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ቡናውን፣ ሰሙንና ቆዳውን ጭነው ይመለሱ ነበር። የመርከቡ ዘመን አልፏል። ነገር ግን በየግቢያችን ቆሞ ሳለ ማንም ሳይቈጥረው ከሰል ሆኖ የሚቀር አንድ ሸቀጥ ዛሬም አለ፤ ይኸውም ሥዕል ያለው ጠንካራ እንጨት ነው።

ሥዕል ያለው እንጨት የምንለው በቶርኖ እየተሽከረከረ ሲቀረጽና ሲለሰልስ በገላው ላይ ሞገድ፣ ሐረግ ወይም ዐይን የመሰለ መልክ የሚያወጣውን ነው። ይህ መልክ የሚመጣው በቀለም ብቻ አይደለም። የእንጨቱ ጅማት ቀጥ ብሎ በማደግ ፈንታ ሲጠማዘዝ፤ አንዱ ክፍል ብርሃንን ሲመልስ ሌላው ይውጠዋል፤ ስለዚህ ዕቃው በእጅ ላይ ሲዞር ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። እንዲህ ያለው ጅማት በብዛት የሚገኘው በሦስት ስፍራ ነው፤ ግንዱ ለሁለት በሚከፈልበት በባላው ውስጥ፤ በግንዱ ላይ እንደ እብጠት በወጣው ጉብታ ውስጥ፤ ግንዱ ከሥሩ በሚገናኝበት በጕቶው ውስጥ። አናጢ ለጣውላ አይመቸኝም ብሎ የሚጥላቸው እነዚሁ ክፍሎች ናቸው፤ የቶርኖ ባለሙያ ግን የሚፈልገው እነሱኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ ነገሩ ማጥናት የጀመረው ከኪሳራ በኋላ ነው። የማገለግላቸው ነጋዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ አርባ ገበቴ እንዲያቀርቡ ታዘዙ፤ የውሉን ደብዳቤ የጻፍኩትም እኔ ነበርኩ። የመልኩን ማማር ብቻ አይተን እርጥብ ግንድ በኪሎ ገዛን፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥም አስቀርጸን ላክን። ወር ሳይሞላ ከግማሽ የሚበልጠው ተሰንጥቆ ተመለሰ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፤ ገንዘቡም ደንበኛውም ሄደ። ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ለማኅበርተኞቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ፤ ከየት ይፈለጋል? ወደ ጫካ ከመገስገስ በፊት ከተማውን መመልከት ይበቃል። ጋምቤላ በማንጎዋ የታወቀች ናት፤ ፍሬ መስጠት ያቆመ ያረጀ ማንጎ ሲቈረጥ ባላውና ጕቶው ወርቃማና ቡናማ ሐረግ ይሰጣል። ለጥላ የተተከለው ኒምም ቀላ ያለና የተጠላለፈ ጅማት አለው። ከቡና ጋር የሚተከለው ግራቪሊያ ደግሞ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ ጥልፍ የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በሌላ አቅጣጫ ቢሰነጠቅ ግን ይህ መልክ እምብዛም አይታይም። ከእነዚህ ሌላ የተጣለ ሙቀጫ፣ ያረጀ ታንኳና የፈረሰ ቤት ምሰሶ ለዓመታት የደረቀ ስለ ሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ባሮ ጐሎ ዳር ላይ የሚጥለውም ግንድ መልካም ነው፤ ነገር ግን በስንጥቁ የገባው አሸዋ መሮን ስለሚያደንዝ አስቀድሞ በብሩሽ መጥረግ ይገባል።

ከተፈጥሮ ደን መቍረጥን በሚመለከት ነጋዴው መጠንቀቅ አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1065 ነው። የማጃንግ ደንም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ልቡ እንደ ከሰል የጠቈረው፤ በውጭ አገር ክላሪኔት የሚሠራበት ዞቢ ደግሞ ከታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ግንዱ ያለ ዓለም አቀፍ የንግድ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ስለዚህ ከግቢ የተቈረጠ ዛፍ እንኳ ቢሆን፤ ጭነቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ከአካባቢው የደን ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ወረቀት መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ እንዴት ይመረጣል? ከቅርፊቱ ጥቂት ልጦ ከሥሩ ያለውን ገላ መዳሰስ ነው፤ እንደ መታጠቢያ ሰሌዳ ተርታውን ከፍና ዝቅ ካለ ውስጡ ሞገድ አለው። ከዚያ አንድ ጐኑን በመላጊያ አጽድቶ በውኃ ማራስ ነው፤ ሲጠናቀቅ የሚኖረው መልክ ወዲያው ይታያል። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ቢሰጥ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይም በስብሷል። ከቀዳዳዎቹ ትኩስ ዱቄት የሚወርድ ከሆነ ነቀዙ ገና በሕይወት አለና ከሌላው ግንድ ጋር አይከመርም። በማንጎ ላይ ሻጋታ የሚሥለው ጥቍር መስመር ገዢ የሚወደው ጌጥ ነው፤ ነገር ግን በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጕድ ከሆነ ጊዜው አልፏል። የማንጎ ሰጋቱራ ቆዳንና ሳንባን ስለሚቈጣ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

ሦስተኛ፤ የዋጋው ነገር ነው። እርጥብ እንጨት በኪሎ መግዛት ውኃ መግዛት ነው፤ አንዳንዱ ግንድ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነውና። በስፍር መግዛት ይሻላል። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር፤ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ግንድ 0.126 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ከዚህም ላይ የተሰነጠቀውንና የእምብርቱን ክፍል ቀንሶ መዋዋል የነጋዴ ብልሃት ነው።

አራተኛ፤ የማድረቁ ሥራ ነው። ግንዱ በተቈረጠ ቀን በእምብርቱ በኩል ለሁለት ይሰንጠቅ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ጫፍና ጫፉ በሰም ይቀባ፤ በንብ ማነብ የታወቁት ማጃንጎች ባሉበት ክልል ሰም አይታጣም። ከዚያ ገበቴው በወፍራሙ ይቀረጻል፤ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በጥላ ስፍራ፤ ከየካቲትና ከመጋቢት ትኩስ ነፋስ ተከልሎ፤ በሰጋቱራ ተሸፍኖ ይቀመጥ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመዘኑ ክብደቱን ይጻፉበት፤ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። የመጨረሻው ቀረጻ የሚደረገው ያን ጊዜ ነው፤ መሮውም በጣም የተሳለ ይሁን፤ የተጠማዘዘ ጅማት በደነዘ መሮ ይቦጨቃልና።

የማገለግላቸው ነጋዴ ዛሬ ትእዛዝ ሲቀበሉ የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋው አይደለም፤ «መዝገቡ ላይ ስንት ደረቅ ገበቴ አለን?» ይላሉ። በመዝገቡ ካለው በላይ ውል አንጽፍም። በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ የማንጎ ግንድ ለከሰል ሲፈለጥ ብታዩ፤ ባላው ከመቃጠሉ በፊት ውኃ አፍስሳችሁ ተመልከቱት።