12 ሲደመር 5 ለምን 125 ይሆናል?

ኮድ መጻፍ የጀመረ ሰው መጀመሪያ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ካልኩሌተር ነው። ቁጥር የሚሞላባቸው ሁለት ሳጥኖች፣ አራት ቁልፎች፣ መልስ የሚወጣበት አንድ ቦታ። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረችው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃና በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለሆነ፣ የሰላ ድንጋይ ከተማ ተማሪም ደብረ ብርሃን ሳይሄድ ፕሮግራሚንግ መማር ይችላል። የሚከብደው የጻፉት ኮድ እንቢ ሲል ብቻን መቅረት ነው።

አንዲት ተማሪ ለቤተሰቧ የባቄላ ሒሳብ የሚሆን ካልኩሌተር በጃቫስክሪፕት ሠራች እንበል። በአንዱ ጆንያ 12 ኪሎ፣ በሌላው 5 ኪሎ አለ። የመደመሪያውን ቁልፍ ስትነካ መልሱ 125 ይላል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ኮዱን በሙሉ ያጠፋዋል። ከማጥፋት በፊት ግን ሌሎቹን ቁልፎች መሞከር ይሻላል። ሲቀነስ 7፣ ሲባዛ 60፣ ሲካፈል 2.4፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። ስለዚህ ሳጥኖቹም ቁልፎቹም ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ችግሩ መደመሩ ላይ ብቻ ነው። ግማሹ ፍለጋ በዚህ አለቀ።

ከሳጥን የተነበበ ነገር ሁሉ ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው፤ ፕሮግራመሮች ስትሪንግ ይሉታል። የ+ ምልክት ደግሞ ሁለት ሥራ አለው፦ ቁጥር ሲያገኝ ይደምራል፣ ጽሑፍ ሲያገኝ አንዱን ከሌላው ጋር ይቀጥላል። 12 እና 5 ጎን ለጎን ሲቀጠሉ 125 ሆኑ። መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል በጽሑፍ ላይ ሌላ ሥራ ስለሌላቸው፣ ቋንቋው ዝም ብሎ ወደ ቁጥር ለውጦ ያሰላቸዋል። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ውስጥ በ10 ቀን ያዘጋጀው ይህ ቋንቋ፣ ስህተትን ከመናገር ይልቅ ማለፍ ይቀናዋል።

በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ኤፍ12ን ተጭኖ ኮንሶሉን ይከፍትና የእሴቱን ዓይነት ታይፕኦፍ በሚለው ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ‹ስትሪንግ› የሚል መልስ ያገኛል። የስልክ ብራውዘር ላይ ኮንሶል በቀላሉ ስለማይገኝ፣ በስልክ የሚማር ሰው የዚያኑ ጥያቄ መልስ አለርት በሚለው ፈንክሽን ስክሪኑ ላይ ያውጣው። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ ሁለቱንም እሴቶች ከመደመር በፊት ነምበር በሚለው ፈንክሽን ማሳለፍ።

ይህም ሆኖ ጉዱ አያልቅም። ተጠቃሚው እንደ ገበያ ልማዳችን 1,200 ብሎ በኮማ ቢጽፍ፣ ነምበር ‹ቁጥር አይደለም› ብሎ ናን ይመልሳል። ፓርስፍሎት የተባለው ፈንክሽን ግን ኮማው ጋ ሲደርስ ይቆምና 1 ብቻ ይይዛል። እኔ ናንን እመርጣለሁ። ናን ያስደነግጣል እንጂ አያታልልም፤ 1,200 ብር ድምፅ ሳያሰማ 1 ብር ሲሆን ግን ማን ያውቃል? ባዶ ሳጥንንም ነምበር 0 አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ሳጥኑ መሞላቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይወጣል። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በ0 እና በ1 ስለሆነ፣ 0.1ን ልክ አድርጎ መጻፍ አይችልም፤ ፓይተን በተባለው ቋንቋም መልሱ ይኸው ነው። አንድ ብር 100 ሳንቲም ነውና ሒሳቡን በሳንቲም ሠርቶ መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ብር መመለስ ከዚህ ጣጣ ያድናል።

የምታስተምሩ ሰዎች፣ ተማሪ 125ን ይዞ ሲመጣ ኪቦርዱን አትቀሙት። ‹ሲቀነስስ ስንት ይላል?› ብላችሁ ጠይቁትና ራሱ ያግኘው።